የቤት ሠራተኛ አገልግሎት በመንግሥት ግዥ ውስጥ በየትኛው ኮድ ይመደባል?

#1 ግዥ_ጀማሪ

ሰላም ለቤቱ። በአውሮፓ ኅብረት የግዥ መመሪያ የሚገዛ አንድ ማዘጋጃ ቤት ለ120 አቅመ ደካማ አረጋውያን የቤት ውስጥ ሥራ እገዛ በጨረታ ሊገዛ ነው። ሥራው ቤት ማጽዳት፣ ልብስ ማጠብ፣ ምግብ ማብሰልና ዕቃ ገዝቶ ማምጣት ነው። ለእያንዳንዱ ቤት በሳምንት 3 ሰዓት ይደርሰዋል። ውሉ የ3 ዓመት ሲሆን ለ1 ዓመት የማራዘም አማራጭ አለው።

ረቂቁ ላይ ዋና ኮድ ሆኖ የገባው 98500000-8፣ «ሠራተኛ የቀጠሩ የግል ቤተሰቦች» የሚለው ነው። አንዱ ባልደረባ «የጽዳት ሥራ ስለሆነ 90910000-9 ይሁን» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሰው እስከተፈለገ ድረስ የሠራተኛ አቅርቦት ነው፣ 79622000-0 ይግባ» ባይ ነው። ማን ትክክል ነው? ኮዱ መለያየቱስ ከስም ያለፈ ለውጥ ያመጣል?

#2 ኮድ_ፈቺ

98500000-8 ስህተት ነው ባልልም ሰነፍ ኮድ ነው።

የጋራ የግዥ መዝገበ ቃላቱ (ሲፒቪ) ስምንት አሃዝ አለው፤ ዘጠነኛው ማረጋገጫ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ዘርፉን፣ ሦስተኛው ቡድኑን፣ አራተኛው መደቡን፣ አምስተኛው ምድቡን ያሳያሉ። የቀሩት ሦስቱ እያጠበቡ ይሄዳሉ። መጨረሻው ላይ ዜሮ የበዛበት ኮድ ተጫራቹን «ምን እንደምገዛ ገና አልወሰንኩም» ይለዋል። በዝርዝር ኮድ ማሳወቂያ የሚጠብቅ ድርጅትም ጨረታውን ሳያየው ሊያልፈው ይችላል።

የ985 ቡድን ሲዘረዘር ይህን ይመስላል፦

98510000-1 የንግድና የኢንዱስትሪ ሠራተኞች አገልግሎት
98511000-8 የንግድ ሠራተኞች
98512000-5 የኢንዱስትሪ ሠራተኞች
98513000-2 ለቤተሰብ የሚሰጥ የሰው ኃይል አገልግሎት
98513100-3 ለቤተሰብ በኤጀንሲ የሚቀርብ ሠራተኛ
98513200-4 ለቤተሰብ የጽሕፈት ሥራ ሠራተኛ
98513300-5 ለቤተሰብ ጊዜያዊ ሠራተኛ
98513310-8 የቤት ውስጥ እገዛ አገልግሎት
98514000-9 የቤት ሠራተኛ አገልግሎት

ለጠየቁት ሥራ ዋና ኮድ የሚሆነው 98513310-8 ነው። በማስታወቂያው ላይ ዋናው ኮድ አንድ ብቻ ነው፤ ተጨማሪ ኮድ ግን ከአንድ በላይ ማስገባት ይቻላል። ስለዚህ የቀረውን ነገር ሁሉ ዋናው ኮድ ላይ ለመጫን አይሞክሩ።

#3 ስታት_መዝጋቢ

ግራ መጋባቱ ከየት እንደመጣ ልጨምር። «ሠራተኛ የቀጠሩ የግል ቤተሰቦች» የሚለው ርዕስ በዓለም አቀፉ የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ ምደባ (አይሲክ) 3ኛ እትም ክፍል «ፒ» የተጠራበት ስም ነው። እዚያ ቦታ ላይ ስሙ ትርጉም አለው፣ ምክንያቱም የሚገልጸው ቀጣሪውን ነው። በሕዝብ ቆጠራ ጊዜ አንዲት የቤት ሠራተኛ «የምትሠሪበት ድርጅት ምን ይሠራል?» ስትባል፣ ቀጣሪዋ ቤተሰብ ስለሆነ መልሱ እዚህ እንዲመዘገብ የተዘጋጀ ሳጥን ነው። ያ ስም የግዥ መዝገብ ውስጥ ሲገባ ግን እንግዳ ይሆናል። ቤተሰብን ማን ይገዛል?

ሰዎች የሚያምታቷቸው መዝገቦች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ ነው። በአይሲክ 4ኛ እትም 9700 ቤተሰብ የቤት ሠራተኛ ቀጣሪ የሆነበት እንቅስቃሴ ነው። ምግብ አብሳይ፣ አትክልተኛ፣ ዘበኛ፣ ሾፌር፣ ሞግዚት፣ የቤት አስተማሪ፣ የግል ጸሐፊ ሳይቀር፣ ቀጣሪው ቤተሰብ እስከሆነ ድረስ ሁሉም እዚህ ይገባል። ያንኑ ሥራ ኩባንያ ወይም ራሱን ችሎ የሚሠራ ሰው በአገልግሎት መልክ ከሰጠው ግን ከ9700 ይወጣና እንደ ሥራው ዓይነት ይመደባል፦ የሕንፃ ጽዳት 8121፣ ጊዜያዊ ሠራተኛ ማቅረብ 7820፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ያለ ማደሪያ የሚሰጥ ማኅበራዊ አገልግሎት 8810።

ሁለተኛው የሙያ ምደባ (አይስኮ-08) ነው። እዚህ የሚታየው ሰውየው የሚሠራው ሥራ ነው። 9111 በቤት ውስጥ የሚያጸዱና የሚረዱ፣ 9112 በቢሮና በሆቴል የሚያጸዱ፣ 5152 የቤት አስተዳዳሪ፣ 5311 ሕፃናት ተንከባካቢ፣ 5322 ቤት ለቤት የግል እንክብካቤ ሰጪ። ከኤጀንሲ የተላከችም ሆነች በቀጥታ የተቀጠረች፣ የሰው ቤት የምታጸዳ ሴት 9111 ናት።

ሦስተኛው የምርት ወይም የግዥ ምደባ ሲሆን ሲፒቪ እዚህ ነው የሚውለው። የሚጠይቀው ገዢው ገንዘብ ከፍሎ ምን ተቀበለ የሚለውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ከድርጅት ሲገዛ ተጫራቹ በንግድ ፈቃዱ 8810 ወይም 8121፣ ሠራተኛዋ በሙያ 9111፣ ጨረታው በሲፒቪ 98513310-8 ይሆናሉ። ሦስቱ ቁጥሮች አለመመሳሰላቸው ስህተት አይደለም። ከተጫራች «9700 የተመዘገበ ፈቃድ አምጣ» ብሎ መጠየቅ ግን ስህተት ነው፤ እዚያ ሳጥን ውስጥ የሚገባ ድርጅት የለም።

በነገራችን ላይ፣ በብሔራዊ ሒሳብ አያያዝ ቤተሰብ በቀጥታ የቀጠረው ሠራተኛ የምርት ዋጋ የሚለካው በሚከፈለው ደመወዝና የዓይነት ጥቅም ብቻ ነው። ትርፍና የመጥረጊያ ዋጋ አይደመርም። «የ9700 ተጫራች የሦስት ዓመት የሽያጭ መጠን» የሚባል መስፈርት ትርጉም የማይኖረውም ለዚህ ነው።

#4 ጨረታ_ገምጋሚ

በ98513310-8 ላይ ወዲያው አልስማማም። 79622000-0 «የቤት ውስጥ እገዛ ሠራተኞች አቅርቦት» ማለት ነው፤ ስሙ ሲነበብ ለዚህ ጉዳይ የተሰፋ ይመስላል። ባልደረባቸው ያለ ምክንያት አላነሡትም።

#5 ኮድ_ፈቺ

ስሙን ሳይሆን ውሉን ያንብቡት። 79622 ላይ የሚገዛው ሰው ነው፤ 98513310 ላይ የሚገዛው የተሠራ ሥራ ነው። የሥራ ዝርዝሩን ይዘው አራት ጥያቄ ይጠይቁ፦

ነገ ጠዋት ወደ የትኛው ቤት እንደሚኬድ የሚወስነው ማነው? ማዘጋጃ ቤቱ ከሆነ አቅርቦት ነው። አቅራቢው ከሆነ አገልግሎት ነው።

ሠራተኛዋ ብትታመም ማን ይተካታል? አቅራቢው «ሌላ ሰው እልካለሁ» ብሎ ከተገደደና ሥራው ባለመሠራቱ የሚቀጣው እሱ ከሆነ አገልግሎት ነው።

የሚከፈለው በምን ነው? ሠራተኛዋ በተመደበችበት ሰዓት ሁሉ ከሆነ ወደ አቅርቦት ያደላል። አረጋዊው ቤት ውስጥ በተሰጠ ሰዓት ከሆነ አገልግሎት ነው።

ጥራቱን የሚቆጣጠረው፣ የሚያሠለጥነው፣ ዕቃውን የሚያቀርበው ማነው?

ጠያቂው በገለጹት መልክ አራቱም ወደ አገልግሎት የሚወስዱ ይመስላል። መልሱ ተቃራኒ ከሆነ ግን ኮዱን ለውጦ ማለፍ አይበቃም። ሠራተኛዋን የሚያዘው ማዘጋጃ ቤቱ ከሆነ በጊዜያዊ የኤጀንሲ ሥራ መመሪያው (2008/104) መሠረት በመሠረታዊ የሥራ ሁኔታ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በቀጥታ ቢቀጥራት ኖሮ ከምታገኘው እኩል የማግኘት ጥያቄ ይነሣል። ያ ዋጋው ውስጥ ካልገባ በውሉ አጋማሽ ጭቅጭቅ ይመጣል።

#6 ጨረታ_ገምጋሚ

ተቀበልኩ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሰነዱ ውስጥ «ተጫራቹ 13 ሠራተኞችን ያቀርባል» የሚል ዐረፍተ ነገር ካለ ይሰረዝ። አብዛኛው ሰነድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ርዕሱ አገልግሎት እያለ የዋጋ ሠንጠረዡ በሠራተኛ ቁጥርና በወር ይቆጥራል።

#7 ግዥ_ጀማሪ

እንዲህ ዓይነት ዐረፍተ ነገር በእርግጥ አለ፣ ይሰረዛል። ሁለት ነገር ግን ይቀረኛል። ማዘጋጃ ቤቱ 13ቱን ራሱ ቢቀጥርስ? ደግሞም 90910000-9 ቢገባ ጉዳቱ ምንድን ነው?

#8 ውል_አንባቢ

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። እ.ኤ.አ. የ2014 የግዥ መመሪያ (2014/24) አንቀጽ 10 ፊደል «ጂ» የሥራ ቅጥር ውልን ከግዥ ያስወጣዋል። ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ከቀጠረ ጨረታም ሲፒቪም የለም፤ የሰው ኃይል አስተዳደርና የበጀት መደብ ጉዳይ ይሆናል። በኢኮኖሚ ምደባም ቀጣሪው ቤተሰብ ስላልሆነ 9700 አይነካውም።

ሦስተኛ መንገድም አለ። ገንዘቡ ወይም ኩፖኑ ለአረጋዊው ተሰጥቶ፣ መስፈርቱን ካሟሉ አቅራቢዎች መካከል የፈለገውን ራሱ ቢመርጥ፣ የመመሪያው መግቢያ ቁጥር 4 ይህን ግዥ አይለውም፤ ፈቃድ የመስጠት ሥርዓት ነው። ቁልፉ ባለሥልጣኑ አለመምረጡ ነው። በሩ ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት። «የመጀመሪያዎቹን አምስት ብቻ እንመዘግባለን» ከተባለ ምርጫ ገብቷል፤ ጉዳዩ ወደ ግዥ ተመለሰ። የአውሮፓ ፍርድ ቤትም በ2016 በፋልክ ፋርማ ጉዳይ የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ አረጋዊው ሠራተኛዋን ራሱ ከቀጠረ ደግሞ ያኔ እውነተኛው 9700 ይመጣል፦ ቤተሰቡ ቀጣሪ ነው፣ ግዴታውም የእሱ ነው።

የ9700 ምደባ መጥረጊያውን ሳይሆን አሠሪውን የሚከተል መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። የ1961ዱ የቪየና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 1ን ይመልከቱ። የሚሲዮኑን (የኤምባሲውን) የቤት ውስጥ ሥራ የሚሠሩ የሚሲዮኑ ሠራተኞች «የአገልግሎት ሠራተኛ» ተብለዋል፤ የሚሲዮኑ አባል ቤት የሚሠራና የላኪው መንግሥት ተቀጣሪ ያልሆነው ግን «የግል አገልጋይ» ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሳህን ያጥባሉ። የመጀመሪያው ደመወዝ የመንግሥት ወጪ ነው። የሁለተኛው የዲፕሎማቱ ኪስ ነው፤ በመንግሥት ግዥ ሊከፈል አይገባም። ኦዲተር መጀመሪያ የሚያየውም ይህንኑ ነው።

#9 ኮድ_ፈቺ

ሁለተኛውን እኔ። 90910000-9 ቢገባ የሚለወጠው የግዥው ሥርዓት ራሱ ነው።

የመመሪያው 14ኛ ተቀጽላ ማኅበራዊና ሌሎች ልዩ አገልግሎቶችን በሲፒቪ ቁጥር ይዘረዝራል። እነዚህ በአንቀጽ 74 እስከ 77 ባለው ቀለል ያለ ሥርዓት ይገዛሉ፤ መነሻቸው (መመሪያው መሥራት የሚጀምርበት ዋጋ) 750,000 ዩሮ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ 98500000-8፣ ከ98513000-2 እስከ 98514000-9 ያሉት እና 79622000-0 አሉ። የጽዳት ኮድ 90910000-9 የለም። ስለዚህ ጽዳት ለማዘጋጃ ቤት የሚገዛው በሙሉው ሥርዓት ነው፤ መነሻውም ለ2024 እና 2025 221,000 ዩሮ ነበር። ይህኛው በየሁለት ዓመቱ ይከለሳል። 750,000ው አይከለስም።

ወጥመዱን ልብ ይበሉ፦ 98510000-1፣ 98511000-8 እና 98512000-5 እዚያው 985 ሥር ቢሆኑም ተቀጽላው ውስጥ የሉም። «985 በሙሉ ቀላል ነው» የሚል ሰው ዝርዝሩን አላነበበም።

በተገላቢጦሽ ቀላሉን ሥርዓት ፈልጎ የቢሮ ጽዳትን 98514000-9 ብሎ ማውጣትም አይሠራም። ወሳኙ የውሉ እውነተኛ ይዘት ነው። ቢሮ ቤተሰብ አይደለም፤ 90919200-4 የተዘጋጀለት ለእሱ ነው።

የተቀላቀለ ውል ከሆነ (ለምሳሌ የቤት እገዛና ተራ የሕንፃ ጽዳት አብረው ከወጡ) አንቀጽ 3 የሚለው የሚገመተው ዋጋው የሚበልጠው አገልግሎት ዋናውን ጉዳይ ይወስናል ነው። ስሌቱን በጽሑፍ አድርገው መዝገቡ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ቅሬታ ሲመጣ የሚጠየቀው ያ ወረቀት ነው።

#10 ሂሳብ_በእጅ

መነሻው ካለ ግምቱ የት አለ? ያለ ግምት ስለ ሥርዓት ማውራት ውኃ መውቀጥ ነው። ደመወዙ በሰዓት 10 ዩሮ ነው ብለን እንያዝ፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፣ በራስዎ ተመን ይተኩት።

አንዲት የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ በሳምንት 40 ሰዓት በ52 ሲባዛ 2,080 የሚከፈልበት ሰዓት አላት። የዓመት ፈቃድ 20 ቀን 160፣ በዓላት 10 ቀን 80፣ ሕመም 5 ቀን 40፣ ሥልጠና 2 ቀን 16 ሰዓት ይወስዳሉ። 1,784 ይቀራል። የ3 ሰዓቱ እገዛ በሳምንት ሁለት ጊዜ በ90 ደቂቃ ቢከፈልና ከቤት ወደ ቤት 15 ደቂቃ ቢወስድ፣ ከ105 ደቂቃ ውስጥ የሚቆጠረው 90ው ነው። 1,784 × 90 ÷ 105 = 1,529 የተሰጠ ሰዓት።

2,080 ለ1,529 ሲካፈል 1.36 ነው። የ10 ዩሮ ደመወዝ በተሰጠ ሰዓት 13.60 ሆነ። የአሠሪ መዋጮ 20 በመቶ ሲጨመር 16.32፤ ለተቆጣጣሪ፣ ለስልክ፣ ለመድንና ለአስተዳደር 12 በመቶ ሲጨመር 18.28።

ፍላጎቱ 120 × 3 × 52 = 18,720 ሰዓት በዓመት። በ3 ዓመት 56,160፣ ከማራዘሚያው ጋር 74,880። አንቀጽ 5 አማራጭና እድሳትን ከግምቱ ውስጥ አስገቡ፣ ቫትን አውጡ ስለሚል 74,880 × 18.28 = 1,368,806 ዩሮ። ከ750,000 በላይ ነው፤ በኅብረቱ የጨረታ ጋዜጣ ይወጣል። የሰው ኃይሉም 18,720 ÷ 1,529 = 12.24 ነው፤ 13 የተባለው ከዚህ የመጣ ይመስላል፣ መጠባበቂያ ግን የለውም።

አሁን ጉብኝቱን ወደ 30 ደቂቃ ያሳጥሩት። ከ45 ደቂቃ 30ው ብቻ ይቆጠራል፦ 1,189 ሰዓት። ማባዣው 1.75 ይሆንና ዋጋው ወደ 23.50 ይወጣል። ደመወዙ ሳይለወጥ ማለት ነው። የዋጋ ሠንጠረዡ አንድ «የሰዓት ዋጋ» ብቻ ከጠየቀ ተጫራቹ ረጅም ጉብኝት አስቦ ይሞላል፤ ገዢው በኋላ ጉብኝቱን ይቆራርጣል፤ መንገዱ ከሠራተኛዋ ጊዜ ላይ ይነጠቃል። በ30፣ በ60 እና በ90 ደቂቃ ለየብቻ ዋጋ ይጠይቁ፤ በሚጠበቀው ብዛት አባዝተው ያወዳድሩ።

#11 አዲስ_ገቢ

ከተማውን በሁለት ሰፈር ከፍሎ እያንዳንዱን 684,403 ቢያደርጉት ከመነሻው በታች ይሆናል፣ አይገላግልም?

#12 ሂሳብ_በእጅ

አይገላግልም። ክፍልፋዮቹ (ሎቶቹ) ተደምረው ነው የሚታዩት። በሎት መክፈል ለትንንሽ ድርጅቶች በር መክፈቻ ሆኖ የተፈቀደ፣ እንዲያውም የሚበረታታ ነው፤ ከመነሻ ማምለጫ ሆኖ ግን የተከለከለ ነው። የማብቂያ ጊዜ በሌለው ወይም ከ48 ወር በላይ በሆነና ጠቅላላ ዋጋው ባልተወሰነ ውል ደግሞ የወሩ ዋጋ በ48 ይባዛል። ያም ማምለጫ አይሆንም።

#13 ጨረታ_ገምጋሚ

የሂሳቡ ሌላ ጥቅም ግምገማ ላይ ነው። በላይኛው ስሌት አንድ ተጫራች በሰዓት 14 ዩሮ ካቀረበ፣ ደመወዙን፣ ፈቃዱንና መንገዱን ከፍሎ ለመዋጮ 40 ሳንቲም ብቻ ቀርቶታል ማለት ነው። አንቀጽ 69 የሚያዝዘው ያልተለመደ ዝቅተኛ የመሰለ ዋጋ ሲመጣ ማብራሪያ መጠየቅን ነው፤ ወዲያው መጣልን አይደለም። ጥያቄውን «ዋጋዎ ለምን አነሰ?» ብለው አይጻፉ። የሚከፈልበትን ሰዓት፣ የተሰጠ ሰዓት፣ የመንገድ ደቂቃ፣ የመዋጮ መቶኛ ዘርዝረው እንዲሞሉ ቅጽ ይላኩ። የዋጋው ማነስ የሥራ ወይም የማኅበራዊ ዋስትና ሕግን ከመጣስ የመጣ መሆኑ ከተረጋገጠ መጣሉ ግዴታ ነው። ቀለል ባለው ሥርዓት ውስጥ አገሩ ይህን አንቀጽ በቀጥታ ካላስገባው፣ አሠራሩን በጨረታ ሰነዱ ላይ ራስዎ ይጻፉት።

#14 ውል_አንባቢ

ስለ ሠራተኞቹ መብት ደግሞ አንድ ክፍተት አለ። አንቀጽ 18 በ10ኛው ተቀጽላ የተዘረዘሩ ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነቶች እንዲከበሩ ይላል። ዝርዝሩ ውስጥ 29፣ 87፣ 98፣ 100፣ 105፣ 111፣ 138 እና 182 አሉ። የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 (በ2011 የጸደቀ፣ በ2013 ሥራ ላይ የዋለ) የለም። ስለዚህ «በተቀጽላው የተጠቀሱትን አከብራለሁ» የሚል የተጫራች ማረጋገጫ 189ን አይሸፍንም። አገሩ ካጸደቀው በብሔራዊ ሕጉ በኩል ይገባል፤ ካላጸደቀው ይዘቱ የውል ማስፈጸሚያ ሁኔታ ሆኖ በግልጽ ይጻፍ።

ከ189 ለዚህ ውል የሚጠቅሙት አንቀጽ 7 (የሥራ ሁኔታው በሚገባት መንገድ ይገለጽላት)፣ አንቀጽ 9 (የጉዞና የመታወቂያ ሰነዷን ራሷ ትያዝ)፣ አንቀጽ 10 (በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት) እና አንቀጽ 15 (የኤጀንሲ ክፍያ ከደመወዟ እንዳይቀነስ) ናቸው። በአንቀጽ 1 የቤት ሥራ «በቤተሰብ ውስጥ ወይም ለቤተሰብ» የሚሠራ ነው፣ የቤት ሠራተኛም በሥራ ግንኙነት ውስጥ ሆኖ ያን የሚሠራ ማንኛውም ሰው። ስለዚህ ከድርጅት የምትላከዋም አትቀርም።

ነባር አቅራቢ ካለ ደግሞ የሠራተኞች ዝውውር ይነሣል። እንዲህ ባለ በሰው ጉልበት ላይ በቆመ ሥራ አዲሱ አሸናፊ የነባሩን ሠራተኞች አብዛኛውን ክፍል በቁጥርም በችሎታም ከወሰደ፣ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1997 በሱዘን ጉዳይ በሰጠው ፍርድ መሠረት የተቋም ዝውውር (ሠራተኞቹ ከነመብታቸው ወደ አዲሱ አሠሪ የሚያልፉበት) ሊባል ይችላል። ከጨረታው በፊት ስም የሌለበት ዝርዝር ያውጡ፦ የውል ዓይነት፣ የሳምንት ሰዓት፣ የአገልግሎት ዘመን፣ የደመወዝ እርከን። ይህ ካልወጣ ወጪውን የሚያውቀው ነባሩ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ወይ ያንሳሉ ወይ ይሸሻሉ።

#15 አዲስ_ገቢ

ከአውሮፓ ውጭስ? ሲፒቪ የማይጠቀም አገር ይህን ሁሉ ይጥለዋል?

#16 ስታት_መዝጋቢ

ቁጥሩን ይጥላል እንጂ ጥያቄውን አይጥልም። በሰሜን አሜሪካው የኢንዱስትሪ ምደባ (ናይክስ) 814110 የግል ቤተሰቦች ነው፤ ያው ሰው የቀጠረ ቤተሰብ እንጂ ተቋራጭ አይደለም። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጥ አገልግሎት 624120፣ ጊዜያዊ ሠራተኛ 561320፣ የሕንፃ ጽዳት 561720 ነው። ቅደም ተከተሉ ያው ነው፦ አሠሪውን ለይ፣ የሚያዘውን ለይ፣ ከዚያ ቁጥር ፈልግ።

#17 ግዥ_ጀማሪ

እግዜር ይስጥልኝ። የተስተካከለው ይህ ነው፦ ዋና ኮድ 98513310-8፤ ተጨማሪ 85312000-9 (ያለ ማደሪያ ማኅበራዊ ሥራ)። ለተሰጠ ሰዓት በሦስት የጉብኝት ርዝመት ለየብቻ ዋጋ ይጠየቃል። የሰው ቁጥር ተሰርዟል። ግምቱ ከአማራጩ ጋር 1,368,806። ጨረታው በአንቀጽ 77 ለማኅበራዊ ድርጅቶች ብቻ የተከለለ ይሆናል። የቀረ አለ?

#18 ኮድ_ፈቺ

አለ፣ መጨረሻው ላይ። አንቀጽ 77 የራሱ አጠር ያለ የኮድ ዝርዝር አለው። 79622000-0 እና ከ85000000-9 እስከ 85323000-9 ያሉት አሉበት፤ 98513310-8 የለበትም። በዚህ ዋና ኮድ መከለል አይቻልም። በዚያ አንቀጽ የሚሰጥ ውል ደግሞ ከ3 ዓመት መብለጥ የለበትም፤ የእርስዎ ከማራዘሚያው ጋር 4 ነው።

ሥራው በእውነት ማኅበራዊ እንክብካቤ ከሆነ (የእያንዳንዱ አረጋዊ የእንክብካቤ ዕቅድ፣ ክትትል፣ ለማኅበራዊ ሠራተኛ ሪፖርት ካለው) 85312000-9ን ዋና አድርገው ማራዘሚያውን መተው ይችላሉ። ልብስ ማጠብና ማብሰል ብቻ ከሆነ ግን ለመከለል ሲባል 85 ላይ መለጠፍ ከላይ ያልነው የቢሮ ጽዳቱ ጥፋት ነው። መከለሉን ይተዉት፤ 98513310-8ን ያቆዩት።

#19 ሂሳብ_በእጅ

ማራዘሚያው ከቀረ ግምቱም ይስተካከል፦ 56,160 × 18.28 = 1,026,605። አሁንም ከመነሻው በላይ ነው፣ ሥርዓቱ አይለወጥም። ያልተሰጠ ጉብኝት ማን እንደሚከፍለውም ይጻፉ፤ አረጋዊው ሆስፒታል ገብቶ ከ24 ሰዓት በታች ባለ ማስታወቂያ ከተሰረዘ ሠራተኛዋ መንገድ ላይ ናት።

#20 ግዥ_ጀማሪ

የእንክብካቤ ዕቅድ የለውም፤ የቤት ሥራ ብቻ ነው። እንግዲህ መከለሉ ወጥቷል፣ 98513310-8 ቀርቷል፣ ማራዘሚያው እንዳለ ነው፣ የስረዛው አንቀጽ ገብቷል።